ጎማ አስተንፍሶ ፎገራ መግባት

እሑድ

አዳማ የምንኖር ሰዎች ጭቃ አናውቅም። ሲዘንብ ውሃው ወደ ዝቅታው ይወርዳል፣ በማግስቱ ፀሐይ ይወጣል፣ በሦስተኛው ቀን አቧራው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ አምና አማቴን አቶ ደሴን ከፎገራ ሜዳ አውጥተን ባሕር ዳር ለዓይን ቀዶ ጥገና ልናደርሳቸው ስንሄድ፣ የተከራየነው መኪና ዋልካው ውስጥ እስከ በሩ ሰምጦ ሁለት ቀን ሲቆም፣ ነገሩን ከእግዚአብሔር እንጂ ከእኛ አላየሁትም ነበር። ዋልካ ማለት ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ የሚላቁጥ፣ ጎማም ጫማም የማይለቅ ጥቁር አፈር ነው። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ሐኪሞች የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ቀን ነው። መኪናው ሲወጣ እነሱ ሄደው ነበር።

ያኔ አማቴ በቀኝ ዓይናቸው የሰው ጥላ ይለዩ ነበር። ዘንድሮ የሚለዩት ቀንና ሌሊትን ብቻ ነው። በቅሎ እንዳይቀመጡ፣ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ሦስት ዓመት ሆኗል። በሰው ሸክም በቃሬዛ እናውጣዎት ቢባሉ ደግሞ፣ "በቃሬዛ የምወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ፈቃዴን አትጠይቁኝም" ብለው ዘጉት። የቀረው መኪና ነው። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር።

እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ችግር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማስበው ለችግሩ የተሠራ መሣሪያ ይኖር እንደሆነ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጎረቤቴ፣ "ጭቃ ላይ የጎማ ንፋስ ቀንስ፤ ጎማው ይለጠጥና መሬቱ ላይ ሰፍቶ ይተኛል፤ ሰፊ ነገር ቶሎ አይሰምጥም" አለኝ። መቀነሻ መሣሪያም እንዳለ ነገረኝ። ማስተንፈሻ ይባላል። ሱቅ ሄጄ ሁለት ዓይነት አገኘሁ፤ መምረጥ ስላቃተኝ ሁለቱንም ገዛሁ። አንደኛው አራት የናስ ቆቦች ናቸው፤ በየጎማው ንፋስ መግቢያ ላይ ይጠመዘዛሉ፣ ንፋሱ የተባለው ልክ ላይ ሲደርስ ራሳቸው ይዘጋሉ። ሁለተኛው መለኪያ ሰዓት ያለው ነው፤ የጎማውን ቫልቭ ነቅሎ በሆዱ ይይዘውና ንፋሱን በፍጥነት ያስወጣል፤ ሰዓቱ ስንት እንደቀረ ያሳያል፣ ሲበቃ ቫልቩን ይመልሰዋል።

ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ ቆቦቹን አይታ፣ "ልክ የሽቶ ክዳን" አለች። ከአንድ ጥያቄ በቀር ሌላ አልጨመረችም።

በወንድሜ አሮጌ ፒካፕ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን፣ አዲስ አበባን በእሑድ ጸጥታዋ አቋርጠን፣ አባይ በረሃ ወረድን። ድልድዩ አጠገብ መስኮት ስንከፍት የገባው ሙቀት የአዳማን ሙቀት ስለሚመስል ትንሽ ደስ አለኝ። ማታ ደብረ ማርቆስ አደርን። የያዝነው ክፍል ሁለት የውሃ መክፈቻ አለው፤ በቀዩ ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል፣ በሰማያዊው ምንም አይመጣም። ለእንግዳ ተቀባይዋ ስነግራት፣ "ቀዩ መሥራቱ ጥሩ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እሱም አልነበረም" አለችና ከማድ ቤት አንድ ባልዲ የፈላ ውሃ ራሷ ተሸክማ አመጣችልን። አዳማ ቢሆን ኖሮ መክፈቻው ይሠራ ነበር፤ ባልዲውን ግን ማንም አያመጣልንም።

ሰኞ

ወረታ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ለማያውቃት ሰው፣ ወረታ ሁለት መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ባጃጆቹ ከአዳማ ባጃጆች የሚለዩት ጡሩምባቸውን በማሳረፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ነፍተው መልስ ይጠብቃሉ።

ሙሉ ቀጥታ የወሰደችኝ መገናኛው አጠገብ ጎማ የሚጠግኑ ጋሽ ሰዒድ ዘንድ ነው። የአባቷን ሳይክል ከልጅነቷ ጀምሮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። "የደሴ ልጅ!" ብለው እጃቸውን በቱታቸው ጠርገው ሳሟት። ለእኔ የጎማ መቀመጫ አቀረቡልኝ፤ ከአሮጌ ጎማ የተሠራ ነው፣ ከቤቴ ሶፋ ይሻላል።

መሣሪያዎቼን አወጣሁ። ቆቦቹን በመዳፋቸው አገላበጧቸው።

"ይኸ ምን ያደርጋል?"

"ጎማው ላይ ይጠመዘዛል። ንፋሱ ሃያ ላይ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል።"

"ራሱ?"

"ራሱ።"

"ሃያ መድረሱን በምን ያውቃል?"

"ውስጡ ሞላ አለ።"

"እኔ አርባ ዓመት ጎማ ጠገንሁ" አሉ ጋሽ ሰዒድ፣ "ራሱን የሚያውቅ ዕቃ ገና አላየሁም።" ባለ ሰዓቱን አነሡ። "ይኸኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ዓይን አለው።" ቀጥለው ከኪሳቸው የክብሪት እንጨት አወጡና ከተሰቀለ ጎማ ቫልቭ ላይ ጫን አደረጉት፤ ፍስስ አለ። "ሦስተኛው ዓይነት ይኸ ነው። ክብሪት ይባላል።"

እኔ ለአንድ ሥራ የተሠራን መሣሪያ አከብራለሁ፤ ስለዚህ አልሳቅሁም።

"ማውጣቱን አወጣኸው፤ ኋላ በምን ትሞላዋለህ?" አሉኝ።

ሙሉን አየኋት። ሙሉ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን መንገድ ታይ ነበር። ይህን ጥያቄ አዳማ ላይ ጠይቃኝ "እዚያ ይገኛል" ብያት ነበር።

ጋሽ ሰዒድ ከመደርደሪያው ሥር በእግር የሚረገጥ መንፊያ ጎትተው አውጥተው አቧራውን እፍ አሉት። "ስትመለሱ ታመጡታላችሁ። ማስተንፈሻ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መንፊያ ይገዛል፤ ይኸን ያዝልኝ። ሌላው፣ ቆቦቹን እዚሁ ሞክራቸው፤ አራቱንም፣ በሰዓቱ እያመሳከርህ።"

"ከፋብሪካ ተስተካክለው ነው የመጡት" አልኩ። ደክሞኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቅርም ብሎኝ ነበር። ጋሽ ሰዒድ አልተከራከሩኝም። ሲሰናበቱን ለሙሉ ብቻ፣ "መንፊያውን ከላይ አድርጊው፤ ከዕቃ ሥር እንዳይሆን" አሏት።

ማክሰኞ

ጠዋት ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ሜዳው ታጠፍን። ፎገራ ከላይ ሲያዩት ጠረጴዛ ነው። ግራና ቀኙ ውሃ የቋጠረ የሩዝ ማሳ ነው፣ በመካከል መንገድ የሚባል ከፍ ያለ አፈር አለ፣ አፈሩ ላይ ደግሞ ላሞች ይሄዳሉ። አዳማ ውሃ የሚታየው በጀሪካን ነው፤ እዚህ ሰው ከውሃ ላይ መሬት ይፈልጋል።

ጠጠሩ ያለቀበት ቦታ ላይ አቆምን። አራቱን ቆቦች አራቱ ጎማ ላይ ጠመዘዝኩ። አራቱም አንድ ላይ ማፏጨት ጀመሩ። ደስ ይላል፤ ሰው ምንም ሳይሠራ ሥራ ይሠራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዱ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁለተኛው፤ ከዚያ ሦስተኛው።

"የኋላ ግራው ይጮሃል" አለች ሙሉ ከጋቢና።

"ሊዘጋ ነው" አልኳት። ማሳው መሐል አንድ ነጭ ረጅም እግር ያለው ወፍ ቆሞ ነበር፤ ፎቶ ላነሳው ሄድኩ። ወፉ አልጠበቀኝም። ስመለስ ጩኸቱ ቆሟል፤ ጎማውም ተኝቷል። መኪናው በቸርኬው ተቀምጦ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ነበር። ሙሉ ከጋቢናው አልወረደችም፤ መቀመጫዋ ስላጋደለ በሩን ይዛ እያየችኝ ነበር።

ሩዝ ሲያርሙ የነበሩ አምስት ስድስት ገበሬዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት እንደጠቀለሉ መጡ። ከፊት የመጣው አያ ጥላሁን የአማቴ ጎረቤት ነው፤ አምና መኪናውን በጥማድ በሬ ጎትቶ ያወጣውም እሱ ነው።

"ደህና ዋላችሁ። ምነው፣ ፈነዳ?"

"አልፈነዳም፤ ንፋስ እየቀነስኩ ነበር።"

አያ ጥላሁን ጎንበስ ብሎ አየ። "ጨረስኸው እንጂ!"

ደግነቱ ጎማው ከቸርኬው አልወጣም ነበር። መንፊያው ከላይ ስለነበር ወዲያው ተገኘ። ሃያ ያህል ከረገጥኩ በኋላ አያ ጥላሁን በክንዱ ገፋ አደረገኝ፤ "እንግዳ ነህ፤ አረፍ በል።" ከዚያ በኋላ መንፊያው አልደረሰኝም። ሃምሳ ሃምሳ እየረገጡ ተለዋወጡበት፤ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፣ አንዱ አርባ ስምንት ላይ ቢደክመው ሌላው "ሁለት ትቀርሃለች" ይለዋል። አንደኛው ሚስቱ የላከችለትን ምሳ ፈቶ ለሁላችን አካፈለን። እኔና ሙሉ የሰው ምሳ እየበላን የራሳችን ጎማ ሲነፋ አየን። በባለ ሰዓቱ እየለካሁ ሃያ ላይ ሲደርስ አስቆምኳቸው። ቆቡን ፈትቼ ሳየው ሞላው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል የብረት ፍቅፋቂ ተሰንቅራለች። ጋሽ ሰዒድ እንዳሉት አንድ ጊዜ ብሞክረው ኖሮ ይታይ ነበር። አራቱንም ቆቦች ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። የቀሩትን ሦስት ጎማዎች ስለካ አንዱ ሃያ፣ አንዱ ሃያ ሦስት፣ አንዱ አሥራ ስድስት ነበሩ። ራሳቸውን ያውቃሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተዋወቁም።

ሁሉንም ሃያ አድርገን ተነሳን። አምና መኪናው የሰመጠበት ቦታ ስንደርስ ትንፋሼን ይዤ ነዳሁ። መኪናው ጣና ላይ እንዳለ ታንኳ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ግን ሳይቆም አለፈ። ሙሉ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። በትዳራችን ውስጥ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አማቴ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው የቆመችው ስንዱ የሙሉ ታናሽ እህት ናት፤ አባቷን የምትጦረው እሷ ነች። ወገባቸውን ደግፋ አስነሳቻቸው።

"ገባችሁ? በምን ገባችሁ?" አሉ አማቴ።

"በመኪና፣ አባየ" አለች ሙሉ። "ከጎማው ንፋስ ቀንሶ ነው ያስገባን።"

"ያወጣኸው ንፋስ ከየት ነበር?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ከአዳማ።"

"የሞላኸውስ?"

"የፎገራ ነው። አያ ጥላሁንና ጓደኞቹ ሞሉት።"

"እንግዲያ መኪናህ ዘመድ ሆነች" አሉና ተቀመጡ።

እራት ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራና የጣና ዓሣ ነበር። የሩዝ እንጀራ ከእኛ ጤፍ ነጣ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ደረቅ ይላል፤ ስለዚህ ስንዱ ትኩሱን እየደጋገመች አመጣች፤ በቃኝ ያልኩት ሦስት ጊዜ ነው፣ የተሰማው አንዱ ነው። ልንተኛ ስንል ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ።

ረቡዕ

ጠዋት መንገዱ አልነበረም። መንገዱ የነበረበትን የሚያሳየው ግራና ቀኝ ብቅ ያለው ሣር ነው። ሃያ አይበቃም፤ ጎረቤቴ ሾፌሩ ክፉ ቀን ሲመጣ አሥራ አራት ድረስ ውረድ ብሎኝ ነበር። ባለ ሰዓቱን አውጥቼ የፊት ግራውን ጎማ አሥራ አራት አደረስኩ። አሠራሩ አንጀት ያርሳል፤ በዚህ አጋጣሚ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው። ከዚያ መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀምጬ የአማቴን ጋቢ ልቀበል ዞርኩ። የስንዱ ላም ወደ ግጦሽ ስትወጣ ረገጠችው። የፎገራ ላም ትልቅ ናት። ሰዓቱ ተሰነጠቀ፣ ቀስቷም ተነቀለች።

ስንዱ አፏን በእጇ ያዘች። ሙሉ ሰማዩን አየች። እኔም አምና ጭቃው መሐል እንዲህ ቆሜ ነበር።

"ምን ተሰበረ?" አሉ አማቴ።

"የንፋሱ መለኪያ ነው፣ አባባ። አንዱን ጎማ ለክቻለሁ፤ የቀሩትን ሦስቱን በምን ልክ እንደማወጣ አላውቅም።"

"የለካኸው የቱ ነው? ወደ እሱ ውሰደኝ።"

መሬት ላይ ቁጢጥ ማለት ስለማይችሉ ስንዱ በርጩማ አመጣች። ጎማው መሬት የነካበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ተለጥጦ ወደ ውጭ ያበጠውን ሆዱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ ከመሬት እስከ ቸርኬው በጣት ለኩ። "አራት ጣት" አሉ። "ወደ ሌላው።"

በክብሪት እንጨት ቫልቩን ተጫንኩ። ንፋሱ ሲወጣ እጃቸው ጎማው ሆድ ላይ ነበር፤ ፊታቸው ወደ ሌላ ወገን ዞሯል። "ገና ነው... ገና... ይኸ እንዳልታለበች ላም ጡት ነው... ገና... በቃ!" እንዲህ እያልን በርጩማዋን ተሸክመን መኪናውን ዞርነው።

ጋቢና ውስጥ ካስቀመጥናቸው በኋላ፣ እኔ ስገባ መኪናው ጎንበስ ሲል ሰሙ።

"ይኸ ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"ከባድ ነህ ልጀ። አንተ በእግርህ ና፤ ሙሉ ትንዳው።"

ሙሉ መሪውን ያዘች። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ በዱላ ከፊት እየለካሁ ጥልቁን አሳየኋት። አምና የሰመጥንበት ቦታ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ዞሩ፤ መኪናው ወደ ጎን ተንሸራተተና ቆመ። አያ ጥላሁንና ሦስት ሰዎች ከማሳቸው ሮጠው መጡ። እኔም ከኋላ ትከሻዬን ሰጠሁ። ሙሉም ነዳጁን አብዝታ ሳትረግጥ፣ በዝግታ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እያለች ስትሞክረው ጎማው የሚነክሰው አፈር አገኘና መኪናው ተስፈንጥሮ ወጣ። እኔ የተደገፍኩት ነገር ስለሄደ በፊቴ ጭቃው ውስጥ ተዘረጋሁ።

"ምን ወደቀ?" የሚል ድምፅ ከጋቢናው መጣ።

"አማችዎ ነው" አለች ሙሉ።

"መኪናውስ?"

"መኪናው ደህና ነው።"

"እንግዲያ ንጂ።"

ነዳች። እስከ ጠጠሩ ድረስ አልቆመችም፤ ልክ ነበረች። ስደርስባቸው አንዲት እንስራ ያዘለች ሴት ፊቴን አይታ ሳትጠየቅ እንስራዋን አዘንብላ አጠበችኝ። ውሃውን ከሩቅ ቀድታ እንደምታመጣ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ወረታ ላይ ጋሽ ሰዒድ በራሳቸው መለኪያ ለኩ። ሁለቱ አሥራ አራት፣ አንዱ አሥራ አምስት ነበሩ። አራተኛው አሥር ነበር።

"ያ ጎማ ከጥንቱም ልግመኛ ነው" አሉ አማቴ።

ጋሽ ሰዒድ ጎማዎቹን ሞልተው፣ መንፊያቸውን ተቀብለው፣ የአማቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። "ደሴ፣ ስትመለስ ምን ዓይነት ሽማግሌ እንደሆንሁ ታያለህ፤ እንዳትደነግጥ" አሏቸው። ማታ ባሕር ዳር ገባን።

ሐሙስና ዓርብ

ሐሙስ ከሁለት ሰዓት በፊት ወረፋ ላይ ነበርን። አግዳሚው ላይ ከየገጠሩ የመጡ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው የሚመራቸውን ሰው እጅ ይዘው ተቀምጠዋል። ማንም ስለ ዓይን አያወራም፤ የሚወራው እንዴት እንደመጡ ነው። አንዷ በጀልባ፣ አንዱ በትራክተር። አማቴ፣ "እኛ ንፋስ ቀንሰን" አሉ። ሁሉም ሰው ከባድ በሽታ መስሎት "እግዜር ይማርዎት" አለ።

ሲገቡ ሙሉ እጃቸውን መልቀቅ አልቻለችም፤ ነርሷ ናት ያላቀቀቻት። ውጭ ሆነን ጠበቅን። እኔ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሚስማሮች ስቆጥር ዋልኩ፤ ስንት እንደሆኑ ግን አላስታውስም።

ዓርብ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ሐኪሙ ጣቱን አውጥቶ፣ "ስንት ነው?" አላቸው።

"ሁለት። ጥፍርህን ቁረጥ" አሉት።

ከዚያ ወደ ሙሉ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። "አርጅተሻል ልጀ" አሉ። ሙሉ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነና ወደ ግድግዳው ዞረች። ቀጥለው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ልክ ነበርሁ" አሉ፤ "በእግርህ መምጣትህ ነው ያወጣን።"

ቅዳሜ

ሁለት ቀን ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ሜዳው ቅርፊት አውጥቷል። በመንገድ ላይ ወረታ ቆመን አማቴ ጋሽ ሰዒድን አዩዋቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዳቸው የአንዳቸውን ሽበት ገምግመው ሲያበቁ ተቃቀፉ። ጋሽ ሰዒድ ጎማዎቻችንን በክብሪታቸው ሃያ ድረስ ራሳቸው አስተነፈሱልን።

አማቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ ሲያርሙ ሄዱ። የዚያ ማሳ በአረም ተበልቷል፤ የዚህኛው አጥር ጠማማ ነው፤ ያ በሬ ከስቷል፣ ባለቤቱ ያፍራል። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ያልተቆጣው ሰፈር በአንድ ጠዋት ተቆጣ። አያ ጥላሁን ከማሳው ቀና ብሎ እጁን ሲያውለበልብ፣ "ይኸን ሁሉ አረም ትቶ ነው የሰው መኪና የሚገፋ?" አሉ፤ ከዚያ መስኮቱን አስከፍተው ወጥተው ሊወድቁ እስኪደርሱ ድረስ እጃቸውን አውለበለቡለት።

ስንዱ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። በሩን ከፍታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ እንደ ልማዷ ክንዳቸውን በግራ እጇ ያዘች። ሙሉ ልትነግራት አፏን ስትከፍት አማቴ በዓይናቸው ከለከሏት። ክንዳቸውን ሳያስለቅቁ፣ ቀስ እያሉ፣ ልጃቸውን ከጎን እያዩ ወደ ቤቱ ሄዱ። በሩ አጠገብ ዝናቡ የቆፈረው ውሃ ነበር፤ ስንዱ የአባቷን እግር እያየች የራሷን አላየችም።

"ስንዱ" አሉ አማቴ፣ ወደ እሳቸው ሳብ አድርገዋት፤ "በዚህ በኩል እለፊ። እግርሽ ሥር ውሃ አለ።"